ድንች በጓሮ፦ ከዘር መረጣ እስከ ቆጥ፣ ለጎንደርና ለአካባቢዋ

ጓሮው ላይ ድንች ሞክሮ «አልሆነልኝም» የሚል ሰው ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። ቅጠሉ ያምራል፣ አበባው ይፈካል፣ ሲቆፈር ግን እንደ ባቄላ የደቀቀ ፍሬ ይወጣል። ወይ ደግሞ ሐምሌ ላይ ዓይን የሚስበው ተክል በሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ያልቃል። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን አፈሩ ላይ ይለጥፋል፣ ማዳበሪያ አንሶት ነው ይላል። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ነው ባይ ነኝ፦ ወይ ዘሩ ወይ ወሩ። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ የቀረው ሥራ ዶማ ማንሳት የሚችል ሁሉ የሚሠራው ነው።

10 ካሬ ሜትር ቦታ አለን ብለን እንነሳ። ብዙ ግቢ ውስጥ ከአጥሩ ሥር ወይም ከማድቤቱ ጀርባ ይህችን የምታህል ቦታ አትጠፋም። ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ታግኛት። በደንብ ከተያዘች ከ20 እስከ 30 ኪሎ ድንች ትሰጣለች።

መቼ ይተከል?

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ወይና ደጋ። ድንች ግን ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይወዳል። ከሥር ፍሬ የሚቋጥረው ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ከሥሩ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አይገኝም። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ከተማዋ በምትግልበት ጊዜ ድንቻችሁ ከመሬት ወጥቶ ማለቅ አለበት። ጥር ላይ ተክላችሁ ከሆነ ፍሬ በሚያወፍርበት ጊዜ ሙቀቱ ይደርስበታል። ድካሙ ለቅጠል ይሆናል ማለት ነው።

ሁለት ጥሩ ጊዜዎች አሉ። አንደኛው የክረምቱ ነው። ዝናቡ መያዝ ሲጀምር ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ተክሎ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ማውጣት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ውሃ አትቀዱም። ጉዳቱ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግና ካፊያ የቅጠል በሽታ እንደ ልቡ ይራባል፣ አፈሩም ውሃ ይቋጥራል።

ሁለተኛው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ነው። ክረምቱ ጥሎት የሄደው እርጥበት ገና አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድንቹ በየካቲት ይደርሳል። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ የራሳችሁ ድንች ለአልጫው ደረሰ ማለት ነው። ከጠየቃችሁኝ ለጓሮ የምመርጠው ይህንን ነው። በሽታው ቀላል ነው፣ መድኃኒት ሳይረጩ ማውጣትም ይቻላል። ግን ውሃ ይፈልጋል፣ ጎንደር ውስጥ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ነገር ታውቁታላችሁ። 10 ካሬ ሜትር በሳምንት ከ250 እስከ 300 ሊትር ይጠጣል፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ12 እስከ 15 ጀሪካን መሆኑ ነው። ይህን የማታገኙ ከሆነ 4 ወይም 5 ካሬ ሜትር ብቻ ትከሉ። ትንሽ መሬት በደንብ የጠጣ ይሻላል፣ ሰፊው በጥም ከሚማቅቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ለከተማዋና ለአዘዞ አካባቢ ነው። ደባርቅ ወይም ዳባት ያላችሁ ከሆነ ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ውርጭ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ሌሊት በቂው ነው።

ዘሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ለወጥ ከገዛው ድንች የደቀቀውን ለይቶ ይተክላል። ትልቁ ለድስት፣ ትንሹ ለዘር። ልማድ ነው፣ ግን መጥፎ ልማድ ነው። ለምን መሰላችሁ? በቫይረስ የተያዘ ድንች ፍሬው ይደቃል። ስለዚህ ደቃቃውን ለቅመን በተከልን ቁጥር ሳናውቀው በሽተኛውን እየመረጥን ነው። በዚያ ላይ የገበያ ድንች ከብዙ ማሳ የተቀላቀለ ስለሆነ አጠውልግ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ውስጡ ደብቆ ሊመጣ ይችላል፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና መስሎ። ይህ በሽታ አንዴ ጓሮ ከገባ ለዓመታት አይወጣም።

የሚሻለው የታወቀ የዘር ድንች መፈለግ ነው። የክፍለ ከተማችሁን ወይም የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ዘር የሚያባዙ ገበሬዎች ደጋው ላይ አሉ፣ ማን እንደሚያባዛ እነሱ ያውቃሉ። በስም የምትጠይቋቸው ዝርያዎች፦ ጉደኔ (በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ)፣ በለጤ (በ2009 እ.ኤ.አ.)፣ ጃለኔ፣ እንዲሁም ከአዴት ምርምር የወጣው ጓሳ። በለጤ ምርቱ ብዙ ነው፣ ድንቹም ነጭና ትልልቅ ነው። አንድ ዝርያ ብቻ ካገኛችሁ ግን ስለ ስሙ ብዙ አትጨነቁ፣ ጤናማ ይሁን እንጂ ያገኛችሁትን ያዙ።

መጠኑ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ይሁን፣ ከ40 እስከ 60 ግራም። ለ10 ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ከምናምን ይበቃል። ትልልቅ ስለሆነ ልክፈለው ካላችሁ ይቻላል፣ ግን ባልወደው ይሻለኛል። ቢላዋው በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል። ከከፈላችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይኑረው። ቢላዋውን በየድንቹ መካከል በረኪና በገባበት ውሃ ንከሩት። ከዚያም የተቆረጠው ፊት እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ክረምት ላይ ለሚተከል ግን በፍጹም አትክፈሉ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ማጎንቆል

ከመሬት አዲስ የወጣ ድንች ቢተከል አይበቅልም። ተኝቷል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ነው ዓይኑ የሚነቃው። ስለዚህ ስትገዙ መቼ እንደወጣ ጠይቁ። ለሰኔ የምትተክሉት የካቲት ወይም መጋቢት የወጣ፣ ለኅዳር የምትተክሉት ነሐሴ የወጣ ቢሆን ልክ ነው።

ዘሩን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሰፌድ ወይም ሳጥን ላይ አንድ ድርብ አድርጋችሁ ዘርጉ። በረንዳ ላይ ይሁን፣ ብርሃን የሚያገኝ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ። ብርሃን ያገኘ ጉንቁል አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለመትከል ደረሰ። ጨለማ ውስጥ ያጎነቆለው ግን ነጭ፣ ረጅምና ቀጭን ክር ነው፣ እጅ ሲነካው ይሰበራል። ከኩሽና ቁምሳጥን ሥር ያገኛችሁትን ያንን ዓይነት አትትከሉ። ምንም ያላጎነቆለውን ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ጉንቁል ያወጣውንም አውጡት፣ በሽተኛ ሊሆን ይችላል።

መሬቱ

ቀይ አፈር ካላችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ውሃውን ያሳልፋል። ዋልካ ከሆነ ክረምት ላይ ድንቹ ውሃ ውስጥ እንዳይዋኝ ጉብ ያለ መደብ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ጎርፉም የሚወጣበት ቦይ ይኑረው። በሁለቱም አፈር ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጠልቃችሁ ቆፍሩ። ደጋግማችሁ ኮትኩቱት። ድንች አፈሩ ካልላላለት አይወፍርም።

የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀላቅሉ። የበሰበሰ ነው ያልኩት። ትኩስ ፍግ ትል ይጠራል። አመድ ጥሩ ነው ብሎ ማድቤቱን ጠርጎ የሚደፋ አለ፣ ድንች ላይ ግን አታብዙ። አፈሩ አመዳም ሲሆን ድንቹ ቆዳው ላይ እከክ መሳይ ሻካራ ቅርፊት ያወጣል። ቢበላ አይጎዳም፣ ግን ያስጠላል።

ባለፈው ዓመት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬ ወይም ድንች የነበረበት ቦታ ላይ አትትከሉ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ ወይም በቆሎ የነበረበት ይሻላል። ጓሮዋ ጠባብ ብትሆንም ለሦስትና ለአራት ከፍላችሁ በየወቅቱ አዙሩ።

መትከል

በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር። ሜትር ከሌላችሁ አንድ ክንድ ተኩልና አንድ ስንዝር ተኩል ገደማ በሉት። 10 ካሬ ሜትር ላይ 44 ያህል ተክል ይይዛል። «ቦታው ባዶ ሆነ» ብላችሁ አታጠጋጉ። ተጠጋግቶ የተተከለ ፍሬው ይደቃል፣ ቅጠሉም አየር አጥቶ ቶሎ ይታመማል።

ቦይ ቅደዱ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ለ10 ካሬው 200 ግራም ገደማ በቦዩ በትኑ፣ በአፈር ሸፈን አድርጉት። ማዳበሪያው ጉንቁሉን ከነካው ያቃጥለዋል። ከዚያ ድንቹን ጉንቁሉ ወደ ላይ እያየ አስቀምጡ። አፈር መልሱበት፣ አትርገጡት። ዩሪያ ከጨመራችሁ 160 ግራም ያህል ይበቃል፣ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በኋላ አፈር ወደ ግንዱ ስታስታቅፉ። ዩሪያ ያበዛ ሰው የሚያገኘው ቅጠል ነው። ጥሩ ፍግ ካላችሁ ሁለቱንም መተው ይቻላል፣ ምርቱ ትንሽ ቢቀንስም ለቤት ይበቃል።

ግቢ የሌላችሁ፣ የተከራያችሁ፣ ቆርቆሮ ሥር አንዲት ጥግ ብቻ ያላችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ትከሉ። ታችዋን በሚስማር በሳሱ፣ ከንፈሯን ወደ ውጭ ጠቅልላችሁ አሳጥሩ፣ ግማሽ አፈር ግማሽ ብስባሽ አንድ ስንዝር ሙሉ። ሁለት ቢበዛ ሦስት ዘር አስቀምጡና በአፈር ሸፍኑ። ተክሉ ሲያድግ ከንፈሯን እየዘረጋችሁ አፈር ጨምሩ። ቶሎ ትደርቃለችና በየሁለት ቀኑ እጃችሁን ከትታችሁ እዩ። ቀትር ላይ ፀሐይ የሚጠብሳት ቦታ አታቁሟት።

ማስታቀፍና ውሃ

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይወጣል። ስንዝር ሲያህል አረሙን ኮትኩታችሁ አፈሩን ከሁለት በኩል ወደ ግንዱ አስታቅፉ፣ ጫፉ ብቻ እስኪታይ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። ይህን ሥራ የሚዘል ሰው አለ፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ድንቹ የሚቋጥረው ከዘሩ በላይ ባለው የግንዱ ክፍል ላይ ነው። አፈር ካልታቀፈለት ፍሬው ገጽ ላይ ይወጣል፣ ፀሐይ ያገኘውና አረንጓዴ ይሆናል፣ የድንች የእሳት እራትም (ትሏ ድንቹን የምትበሳው ቢራቢሮ መሳይ) አፈሩ በተሰነጠቀበት ገብታ ትፈለፍልበታለች። አበባ ካወጣ በኋላ ግን ዶማ አታስጠጉ፣ ከሥር ያለውን ትቆርጡታላችሁ።

ውሃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠጣ እስኪል፣ ጠዋት ላይ፣ ከሥሩ አፍስሱ። ቅጠሉን አታርሱ። የእምቡጥ ጊዜ ሲደርስ ፍሬ መቋጠር ጀምሯል፣ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ተኩል ጥም ካገኘው ምርቱን ያጣል። አንዴ ደርቆ አንዴ ከጠጣ ደግሞ ድንቹ ይሰነጠቃል ወይም ቅርጹ ይጣመማል። በመስመሮቹ መካከል ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዙ ብዙ ጀሪካን ትቆጥባላችሁ። የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ይሆናል፣ የልብስ ሳሙና ያለበት አይሆንም።

የሚጎዱት

ሌት ብላይት የሚሉት የቅጠል በሽታ የክረምት ድንች ዋና ጠላት ነው። በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበው ይኸው ነው። ምልክቱ፦ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ካያችሁ በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ዝናብና ጭጋግ ከተከታተለ መላው ተክል ይጠቁራል።

ክረምት ላይ የምትተክሉ ከሆነ መድኃኒቱ የሚሠራው ከበሽታው ቀድሞ ሲረጭ ነው፣ በተለይ ማንኮዜብ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲያከታትል በየሰባት እስከ አሥር ቀኑ ይረጫል። መጠኑንና ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ስንት ቀን ጠብቆ እንደሚወጣ መለያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። የሻጩን አፍ ብቻ አትመኑ። በወጥ ማንኪያ አትለኩ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ። በላስቲክ እየተቋጠረ የሚሸጠውን መለያ የሌለውን ዱቄት አትግዙ።

መድኃኒት ካልረጫችሁና በሽታው ነሐሴ ላይ ከገባ፣ ድንቹም ደህና ፍሬ ይዞ ከሆነ፣ አትለቃቀሱ። ቅጠልና ግንዱን ከመሬት አጥጋችሁ በማጭድ እጨዱና ከጓሮው አውጡት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቁና ቆፍሩ። ወዲያው ከቆፈራችሁ ከቅጠሉ የረገፈው በሽታ ድንቹ ላይ ያርፍና ቤት ገብቶ ይበሰብሳል።

አጠውልግ ሌላ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ይመለሳል፣ በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ አይመለስም። ውሃ የጠማው ይመስላል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ማረጋገጫ አለው። ግንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አንጠልጥሉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወተት የሚመስል ክር ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅላችሁ በላስቲክ አውጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ዶማውንም ጫማችሁንም እጠቡ። ከዚያ ጓሮ ለዘር የሚሆን አንድም ድንች አታስቀሩ፣ እዚያም ቦታ ላይ ለብዙ ዓመት ድንችና ቲማቲም አትትከሉ።

ቆራጭ ትል ቡቃያውን ከሥሩ በሌሊት ይቆርጣል። ጠዋት የወደቀ ተክል ካገኛችሁ ሥሩ ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫሩት፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፍልፈል ያለበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የአፈር ክምሩ ይታያል፣ ድንቹን ከሥር ይወስደዋል። ወጥመድ የሚያጠምድ አንድ የሰፈር ልጅ አይጠፋም። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ያላችሁ ጃርትም ይጎበኛችኋል። የጎረቤት ዶሮ ግን ከሁሉም ይብሳል።

ማውጣት

አበባው ስለረገፈ ደረሰ ማለት አይደለም። እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈጃል። ቅጠሉ ቢጫ መሆንና መውደቅ ሲጀምር ውሃ አቁሙ። ከሳምንት በኋላ ቅጠልና ግንዱን እጨዱት። ከ10 እስከ 14 ቀን አፈር ውስጥ ይቆይ። ይህ ቆዳውን ያጠነክረዋል። አንድ ድንች አውጥታችሁ በአውራ ጣት እሹት፣ ቆዳው ከተላጠ ገና ነው፣ ካልተላጠ ጀምሩ። ለዛሬ ወጥ ብቻ ከሆነ ግን ቆዳው ባይጠናም ይበላል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል።

ደረቅ ቀን ምረጡ። ዶማውን ከግንዱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ አድርጋችሁ ከጎን አስገቡና አፈሩን ገልብጡ። ቀሪውን በእጅ ፈልጉ። የሚወረወር ድንች አይቆይም፣ ቅርጫቱ ውስጥ አኑሩት። አታጥቡት። ታጥቦ የተቀመጠ ድንች ቶሎ ይበሰብሳል።

ሰብስባችሁ ጥላ ላይ ለሁለት ሦስት ሰዓት አናፍሱት፣ ከዚያ የዚያኑ ዕለት አስገቡ። ሜዳ ላይ አታሳድሩት። በደረቀው ቅጠሉ ሸፍኖ ማሳደር በብዙ ቦታ የሚደረግ ነው፣ ግን እራቷ ከቅጠሉ ላይ ወርዳ ዓይኑ ላይ እንቁላል የምትጥለው ያኔ ነው። ከቅርጫቱ ጋር እሷንም ቤት ታስገባላችሁ።

ከዚያ ለዩ። ዶማ የነካው፣ የተሰነጠቀው፣ ትል የበሳው በዚያው ሳምንት ይበላ። የበሰበሰ ይጣል። አረንጓዴ የሆነው አይበላ። ሶላኒን የሚባል መርዝ አለበት፣ ማፍላትም አያጠፋውም፣ ይመራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። ትንሽ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ በወፍራሙ ቆርጣችሁ ጥላችሁ ቀሪውን መብላት ይቻላል፣ ሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ግን ለዘር ይሁን። ለልጆች ስትቀቅሉ በተለይ ልብ በሉ።

ለምግብ የሚሆነውን ማስቀመጥ

ሦስት ነገር ያዙ፦ ጨለማ፣ ቀዝቃዛ፣ አየር። መጀመሪያ ከ10 እስከ 14 ቀን በአንድ ድርብ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አቆዩት፣ ቁስሉ ይሽራል፣ ቆዳው ይጠነክራል። ከዚያ ይከመር፣ ግን ከጉልበት በላይ አይከመር።

ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው፣ ቀን ይጋያል። የጭቃ ቤት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ወደ ሰሜን ያለው ግድግዳ ጥግ ቀኑን ሙሉ ይቀዘቅዛል። ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሥሩ፣ ሳጠራ ወይም ቀጭን እንጨት ደርድራችሁ ከሥር አየር ይግባ። ላዩን በጆንያ ሸፍኑ፣ ብርሃን አይድረሰው። ፌስታልና ላስቲክ ፈጽሞ አይሆንም፣ ድንች ይተነፍሳል፣ ወበቁ ያበሰብሰዋል።

ሽንኩርት አጠገቡ አታስቀምጡ፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡ። ከ4 ዲግሪ በታች ሲሆን ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ስትጠብሱት ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል።

በሳምንት አንዴ አገላብጣችሁ ሽተቱ። አንድ የበሰበሰ ድንች ሽታው ቤት ያስለቅቃል፣ ከዚያም በላይ ጎረቤቶቹን ይጨርሳል። በጎንደር አየር ሁለት ወር በደንብ ይቆያል፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካላችሁ ከዚያም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ማጎንቆል ይጀምራል። ጉንቁሉ ትንሽ ከሆነና ድንቹ ካልለሰለሰ ጉንቁሉን በጥልቀት አውጥታችሁ ቀቅሉት።

«መሬት ውስጥ ትቼው እየቆፈርኩ እበላለሁ» የሚል አለ። የየካቲቱን ሁለት ሦስት ሳምንት ይቻላል፣ አፈሩ ካልተሰነጠቀ። የመስከረሙን ግን አትተዉት፣ እርጥበቱ አለ።

ለዘር የሚሆነውን ማስቀመጥ

አሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ገልብጡት። የዘር ድንች ብርሃን ይፈልጋል። አረንጓዴ ቢሆን እሰየው፣ አትበሉትም። ብርሃን ጉንቁሉን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፣ ድንቹም ቶሎ አይጨማደድም።

ግን የዘር መረጣ የሚጀምረው ከማውጣት በፊት ነው። አበባ ባወጣ ጊዜ በጓሮው ዙሩና ከሁሉ ያማሩትን፣ ቅጠላቸው ያልተጨማደደ፣ ቢጫ ዝንጉርጉር ያልሆነ፣ ያልጠወለጉትን ተክሎች በእንጨት ምልክት አድርጉባቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ዙሩ፣ የታመመ ካለ እንጨቱን ንቀሉ። ስታወጡ ምልክት ያለባቸውን ለየብቻ ቆፍሩ። ብዙና እኩል ፍሬ ከያዘው ተክል ብቻ እንቁላል የሚያህለውን ውሰዱ። ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ከያዘው፣ መልኩ ያማረ ቢሆን እንኳን፣ ለድስት ይሂድ።

በረንዳ ላይ ወይም በጣራ ክዳን ሥር፣ ግድግዳው በርብራብ የሆነ መደርደሪያ ሥሩላቸው። ሁለት ድርብ ቢበዛ ሦስት። ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ አይንካቸው፣ አይጥ አይድረስባቸው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጎዘጎዙ የሚያስቀምጡ አሉ፣ እራቷን ያርቃል ብለው፣ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡ፣ ትል የበሳውን አውጡ።

የየካቲቱ ለሰኔ፣ የነሐሴው ለኅዳር ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ሦስት አራት ወቅት የራሳችሁን ዘር መጠቀም ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ እየተጠራቀመ ፍሬው መድቀቅ ይጀምራል። ያኔ ቀሪውን ብሉትና አዲስ ዘር ግዙ።